የሲኞራ ሎሬዳና ቀለበት

«የልጅነታችን ምርጥ ቀን» ብላ ነው የጻፈችልኝ።

እኔ ያን ጊዜ የምሠራበት ሆቴል ዋና ገንዳ ዳር ቆሜ ወጣቶቹን ላይፍጋርዶች ሺፍት እያቀያየርኩ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ ባነበው ጣሊያንኛ ነው። «ፊያሜታ፣ ጂኔቭራ ነኝ፣ አስታወስሽኝ? ያን በገደሉ ዳር የተጓዝንበትን፣ ከዓሦቹ ጋር የዋኘንበትን ቀን መቼም አልረሳውም። የልጅነታችን ምርጥ ቀን! በኮሮና የተዘጋው ድንበር ኖቬምበር ላይ ሲከፈት ለስብሰባ ላስ ቬጋስ እመጣለሁ። አባይንም ማየት እፈልጋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ፊያሜታ ብሎ የሚጠራኝ ሰው እዚህ አገር የለም። እናቴ አባይነሽ ስትወልደኝ ቤዛ ብላኝ ነበር፤ የምትሠራበት ቤት እመቤት ሲኞራ ሎሬዳና ግን ሆስፒታል ድረስ መጥታ የገዛ እናቷን ስም አስጻፈችልኝ። የእናቴ ጣሊያንኛ ያኔ «እሺ» ከማለት አያልፍም ነበር። እሺ አለች። እናቴን ራሷንም ስሟ ረዘመባቸውና አባይ ብለው ቆረጡት።

ያን ቀን ግን እኔም ብሆን ለብዙ ዘመን ምርጥ ቀን እለው ነበር፤ እስከ ተበላሸበት ሰዓት ድረስ። ያበላሸችውም እናቴ ናት ብዬ አምን ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት በሆነው በሲኞር ሬንዞ ቤት ነው። እናቴ ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ ትተኩሳለች፣ ከእኔ አንድ ዓመት የምትበልጠውን ጂኔቭራን ታሳድጋለች። እኔ የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ለምን አላስብ? የምለብሰው የጂኔቭራን ልብስ ነው። ዋና ያስተማረኝ ሲኞር ሬንዞ ራሱ ነው፤ ሆዴን በመዳፉ ደግፎ «እግርሽን አንቀሳቅሺ፣ አንቺ ዓሣ!» እያለ። ከእሱ አፍ ዓሣ መባል ለእኔ ሹመት ነበር። ጂኔቭራ አስም ስለነበረባት ሐኪም ዋና እንዳዘዘላትና፣ ውሃ ውስጥ ከጎኗ የምትሆንላት ልጅ እንዳስፈለገች የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

በኦገስት አንድ ቀን ማለዳ በገደሉ አናት ባለችው ቀጭን መንገድ ተጓዝን። መንገዷ ከአንድ ሰው በላይ አታሳልፍም። ሲኞር ሬንዞ በትሩን ይዞ ከፊት፣ ሲኞራ ሎሬዳና ሰፊ የገለባ ኮፍያዋን አድርጋ ከኋላው፣ ከዚያ እኔና ጂኔቭራ። እናቴ መጨረሻ ናት። ትልቁን ጃንጥላ በትከሻዋ፣ የምግቡን ቅርጫት በክንዷ፣ የውሃውን ጠርሙሶች በጀርባዋ አዝላለች። ፀሐይዋ ገና በማለዳው ድንጋዩን አግላዋለች። አየሩ ጦስኝና የጥድ ሙጫ ይሸታል። ወደ ታች ሳይ ገደሉ ነጭ ነው፣ እንደተቆረጠ አይብ፤ ከእግሩ ስር ያለው ባሕር ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ጥቁር ሰማያዊ። እናቴ ወደ ኋላ ቀረች። «ፍጠኚ እንጂ!» አልኳት፣ በአማርኛ ሳይሆን በጣሊያንኛ፣ እነሱ እንዲሰሙልኝ። ሲኞራ ሳቀች። በመሳቋ ደስ አለኝ።

በድንጋይ ላይ በተፈለፈለ ደረጃ ወርደን ከገደሉ ስር ካለች ትንሽ ጠረፍ ደረስን። እናቴ ጃንጥላውን ዘርግታ ሐብሐብ መቁረጥ ጀመረች። እኔና ጂኔቭራ የመጥለቂያ መነጽራችንንና የመተንፈሻ ቱቦአችንን አድርገን ገባን።

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ከላይ ሲያዩት ጠፍጣፋ የሆነው ባሕር ከስሩ ሌላ አገር ነው። ሣሩ እንደ ጤፍ ማሳ ይተኛል፣ ይነሳል። ባለ መስመር ትንንሽ ዓሦች ጣቴን ሊቀምሱ ይመጣሉ። ድንጋዩ ላይ ጥቁር፣ እሾሃም ኳስ የሚመስሉ ፍጥረቶች ተለጥፈዋል። የራሴ ትንፋሽ በቱቦው ውስጥ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ጂኔቭራ እጄን ይዛኛለች። ቀና ስል እናቴ ከነቀሚሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፣ እግሯን እንኳ አትነክርም። «ስሟ የወንዝ ስም ሆኖ ውሃ ትፈራለች» አልኳት ለጂኔቭራ፤ እዚያ ቤት ሁሌም የሚባል ቀልድ ነው። ተሳሳቅን።

ከምሳ በኋላ ሲኞራ ሎሬዳና ገላዋን ዘይት ልትቀባ ቀለበቷን አወለቀችና ድንጋዩ ላይ አኖረችው። ከእናቷ የወረሰችው፣ አረንጓዴ ፈርጥ ያለው ነው። ክርኗ ነካው። ነጠር ነጠር ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ሲኞር ሬንዞ መነጽር አድርጎ ጠለቀና ሲመለስ ታይቶኛል አለ። ከቆምንበት ድንጋይ ስር ስንጥቅ አለ፤ ቀለበቱ ከስንጥቁ ውስጥ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ የእሱ ትከሻ ግን አይገባም። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ስንጥቁ ውሃ ይውጥና በትልቅ ድምፅ መልሶ ይተፋዋል። እኔ ድምፁን እንደ ማንኮራፋት ሰምቼ ስቄ ነበር።

ሲኞራ ወደ እናቴ ዞር ብላ ከላይ መንገዱ ላይ ፎጣ ረስተናልና አምጪው አለቻት። እናቴ ደረጃውን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ሁለቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። እኔም ጂኔቭራም አጠገባቸው ነበርን።

«ልጅ እዚያ ውስጥ አላስገባም» አለ ሲኞር ሬንዞ።

«ጂኔቭራን መች አልኩህ?» አለች ሲኞራ ሎሬዳና። «ፊያሜታን ነው የምልህ።»

እኔ በዚህ ቃል ልቤ ጮቤ ረገጠ። እኔ ከጂኔቭራ እበልጣለሁ፣ እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እኔ ዓሣ ነኝ ማለት ነው። ሲኞር ሬንዞ ቅርጫቱ የታሰረበትን ገመድ ፈትቶ ወገቤ ላይ ቋጠረው። «ትገቢያለሽ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩ። ምን ልል ኖሯል?

መጀመሪያ ስጠልቅ ጭንቅላቴን አስገብቼ ተመለስኩ። ሁለተኛ ስጠልቅ ማዕበሉ ራሱ ወሰደኝ። ጨለማው ውስጥ እጄን ስዘረጋ ቀለበቱን ነካሁት፣ ጨበጥኩት። ልዞር ስል ገመዱ ወገቤን ጨመቀኝ። ሲኞር ሬንዞ እየሳበ ነው። ገመዱ ግን የስንጥቁ አፍ ላይ ባለ ሹል ድንጋይ ተጠላልፏል፤ እሱ በሳበ ቁጥር እኔ ከስንጥቁ ጣሪያ ጋር እጣበቃለሁ። አልፈራሁም ብል ማን ያምነኛል? ግን አልፈራሁም። ትልልቅ ሰዎች ገመዱን ይዘውታል፤ መሞት የሚባል ነገር ገመድ የያዘውን አይነካም። ደረቴ መቃጠል ሲጀምር እንኳ የማስበው ቀለበቱን ሳሳያቸው የሚሉኝን ነበር።

ድንገት ገመዱ ላላ። ቁርጭምጭሚቴን የሆነ እጅ ያዘ፣ ጎተተኝ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ከዚያ ብርሃን፣ ከዚያ አየር።

ውሃውን እየተፋሁ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የሲኞራ ሎሬዳናን እጅ ነው። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተንበርክካ፣ ኮፍያዋ ወደ ኋላ ወድቆ፣ ዘይት የተቀባ እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች። የሆነ ነገር ትላለች፤ ጆሮዬ ውሃ ሞልቶት አልሰማሁም። ልታወጣኝ ነው። እኔም እጄን ዘረጋሁላት።

ከኋላዬ እናቴ ብቅ አለች፤ ቁርጭምጭሚቴን የያዘው እጅ የእሷ ነበር። ዋና የማትችለው እናቴ ከነቀሚሷ ባሕር ውስጥ ናት፤ በአንድ እጇ ድንጋዩን ቆንጥጣ ይዛለች፣ ቀሚሷ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ዙሪያዋን ተንሳፍፏል። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ቀለበቱን ወሰደች። ከዚያ ክንዷን ወደ ኋላ ስባ ወደ ጥቁር ሰማያዊው ባሕር ወረወረችው።

ሲኞራ ጮኸች። እናቴ በአማርኛ ጮኸች። ድንጋዩ ላይ ስትወጣ ሲኞር ሬንዞን በእርጥብ ጫማዋ ደረቱ ላይ መታችው፣ ደገመችው፤ ቆሞ ተመታ። እኔ አፍሬ ልሞት ደረስኩ። ባሕሩ ሊነጥቀኝ ያልቻለውን ድሌን እናቴ ወረወረችብኝ። ስንመለስ ቅርጫቱን የተሸከመው ሲኞር ሬንዞ ነበር፣ ጃንጥላው እዚያው ቀረ። እናቴ ከፊት ከፊት፣ ከቀሚሷ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ትከሻዋን በእጇ ደግፋ ትሄዳለች። ጂኔቭራ ታለቅሳለች። እኔ ከጂኔቭራ ጎን ሆኜ እናቴን አላናግራትም።

በማግስቱ ከዚያ ቤት ወጣን። ሮም መነኮሳት ያስጠጉን ቤት ገባን፤ በኋላ እናቴ ዲቪ ደረሳትና ወደ አሜሪካ መጣን። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እኔ በልቤ፣ በአንድ የእብደት ደቂቃ ባሕሬንም ጓደኛዬንም ቤቴንም ወሰደችብኝ እያልኩ አደግሁ።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለላይፍጋርድነት ሰለጠንኩ። አሰልጣኛችን አንድ ቀን፣ ጠባብ ነገር ውስጥ የገባን ሰው በገመድ አትሳቡ፣ ውሃ የሚስብና የሚተፋ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ማንንም አታስገቡ፤ እንዲህ ካለ ቦታ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሬሳ ነው አለን። ተነስቼ ከክፍሉ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ካለው የለስላሳ ማሽን አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ጂኔቭራን መች አልኩህ? ፊያሜታን ነው የምልህ።» ያ ቃል በጆሮዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙገሳ ሆኖ ኖሮ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። የእናቴ ትከሻም ትዝ አለኝ። ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ያጋጨው ትከሻዋ ነው፤ እኔ ቁርጥማት ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ በዚያ ትከሻ ነው አየር ማረፊያ ውስጥ የሰው ዊልቸር የምትገፋው።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። የሰማሁትን ቃል ማለቴ ነው። ምን ያደርግላታል ብዬ።

የጂኔቭራን መልእክት ሳሳያት መልስ አትስጫት ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ምሳ ትምጣ» አለችኝ። ተናደድኩ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ወረርሽኙ እስኪበርድ በዙም ሲያመልክ ስለ ይቅርታ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ የእናቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ «አሜን» ሲል ጭምር። ይኸው ደግሞ ላዛኛ ሠርታ ልታበላቸው ነው አልኩ በሆዴ።

ጂኔቭራን ስትሪፕ በሚባለው የትልልቅ ሆቴሎች ጎዳና ካረፈችበት ሆቴል ወስጄ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ወዳለው የእናቴ አፓርታማ አመጣኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ዓይኗ ያው ነው። የወይራ ዘይት ይዛለች። እናቴን አቅፋ አለቀሰች። እናቴም አቀፈቻት፤ ከልቧ ነው፣ አይቻለሁ፤ አሳድጋታለች። አርባ የሚጠጋት ሴትዮ ግን ዛሬም እናቴን «አንቺ» ነው የምትላት፣ «አባይ» እያለች።

ምግቡ ላይ ጂኔቭራ ያን ቀን አነሳች። ገደሉን፣ ዓሦቹን፣ ሐብሐቡን። አባቷ እንደሞተ፣ እናቷ ሰማንያ እንደተጠጋት፣ ነገር ግን በየገናው ለዘመዶች ያን ታሪክ እንደምትነግር ነገረችን። ምን ብላ? አባይን ባሕሩ ነክቷት የእናቴን ቀለበት ወረወረችው፣ እኛ ግን አልከሰስናትም ብላ። ጂኔቭራ ይህን ስትል ፈገግ አለች፣ እኛም ፈገግ እንድንል።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ማን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳስገባኝስ ትነግራለች?»

«አንቺ ራስሽ ልግባ አልሽ እንጂ» አለች እናቴ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «እንደዚያ ነው የነገሩኝ። ተይ ብንላት እንቢ አለችን አሉኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ፎጣ ፍለጋ ላይ ነበረች። በዚህ ሁሉ ዘመን እኔ በራሴ ቅብጠት የገባሁ መስሏት፣ አንድም ቀን «ለምን ገባሽ?» ሳትለኝ ኖረች። እኔም ዝም ብዬ ውሸታቸውን አኖርኩላቸው። ቃሉን በጣሊያንኛ እንዳለ ነገርኳት፤ ሲኞር ሬንዞ ያለውን፣ ሲኞራ የመለሰችለትን። ጂኔቭራ ፊቷ ነጭ ሆነ።

«ደውዪላት» አለቻት እናቴ።

ጂኔቭራ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከጠርሙሱ ጋር አስደግፋ ደወለች። እዚያ መሽቷል። ሲኞራ ሎሬዳና በስክሪኑ ላይ መጣች፤ ሸምግላለች፣ ከንፈሯ ግን ተቀብቷል። እናቴን ስታይ ሳቀች። «አባይ! ቀለበቴን ልትመልሺልኝ ነው?»

እናቴ አልሳቀችም። «ልጄን እዚያ ውስጥ ማን አስገባት?»

ሲኞራ እጇን አወናጨፈች። ኧረ የስንት ዘመን ነገር ነው፣ ልጅቷ ራሷ ነች፣ ሬንዞ ስንት ጊዜ ተይ ብሏት፣ እንደ ዓሣ ነበረች እኮ፣ ደግሞስ ምን ሆነች አለች።

«እማማ» አለች ጂኔቭራ። «እኔ እዚያው ነበርኩ። ‹ጂኔቭራን መች አልኩህ› ነው ያልሽው። እኔ ያንን ቃል... ስለምትወጂኝ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ቀለበቱ የእናቴ ነበር» አለች ሲኞራ ሎሬዳና፣ ሌላ ነገር ባጣ ሰው ድምፅ።

«ልጅቷም የእኔ ነበረች» አለች እናቴ። እዚያ ቤት ባገለገለችበት ዘመን ሁሉ ሲኞራን ከ«እርስዎ» ሌላ ብላት አታውቅም፤ አሁን ግን «አንቺ» አለቻት። «እጅሽን ስትዘረጊ አይቼሻለሁ። ልጄ ገና አልተነፈሰችም። ‹አገኘሽው?› ነው ያልሻት። ያንን ስሰማ ነው የወረወርኩት። እብድ አልነበርኩም። ለሰው ስታወሪ አስተካክለሽ አውሪ።»

ስክሪኑ ጠፋ። እሷ ናት የዘጋችው።

ያ የተዘረጋ እጅ ለእኔ አልነበረም። ያን ቃል በገዛ ጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ እንኳ፣ በልቤ አንድ ጥግ ለዚያ እጅ ቦታ ትቼለት ነበር፤ ቢያንስ ልታወጣኝ ተንበርክካለች ብዬ። እንዲህ ያለ ቁጣ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚያድር አላውቅም። ተነስቼ ሳህኖቹን አነሳሁ፣ አንዱን ማጠቢያው ውስጥ ሰበርኩት።

ጂኔቭራን ወደ ሆቴሏ መለስኳት። ስንደርስ የመኪናውን በር ከፍታ ሳትወርድ ቆየች። በእናቷ ፈንታ ይቅርታ ልትለኝ ጀመረች። አልተቀበልኳትም፤ ያንቺ አይደለም፣ በእናትሽ ቦታ አትጠይቂ፣ በሕይወት አለች፣ ራሷ ትጠይቅ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወረደች።

እናቴ ጋ ተመልሼ ስገባ የተረፈውን ላዛኛ ለሥራ ባልደረቦቿ እያሸገች ነበር። በአንድ እጇ ነው የምትሠራው፤ ትከሻዋ አሟታል። ክዳኑን ተቀበልኳት። ሲኞራን ይቅር ልትያት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር አልኳት።

«ብያት ነበር» አለች። «ቆይቷል እኮ። ስለዚያ ስለዘረጋችው እጇ ስጸልይ ኖሬ፣ ጌታም ረድቶኝ፣ አንድ ቀን ቀለለኝ። ተውኩላት።»

«አሁንስ?»

እቃውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ያ ስለ እጇ ነው» አለች። «ይሄኛውን ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»